ያልቆሸሸው አቡጀዲ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመንትቻለሁ። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉት ድልድይ ያሠሩ፣ ችሎት የመሩ፣ አውሮፕላን ያበረሩ ሰዎች ናቸው። እኔ የሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩት አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ምድጃ ፊት ቆሜ ነው። በዚያ ምድጃ የቡና ገለባ አክስያለሁ፣ የቀርከሃ ቁራጭ፣ የጫት ገረባ፣ የበሬ አጥንት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አክስያለሁ። ታዲያ ስለ ከሰል ማን ያነባል? ይህን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩትም።

ሆኖም ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር፣ የአካባቢ ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ተመዘገብኩ። የክፍል ጓደኞቼ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፤ "ማዘር" ይሉኛል። መምህራችን እያንዳንዳችን ስለ አንድ አዲስ የምርምር መስክ አንብበን እንድናቀርብ ሲያዙን የካርቦን ቁሶችን መረጥኩ። አንብቤ የገባኝን ያህል አቀረብኩ፦ ውፍረቱ ከአንድ አቶም ስለማይበልጠው፣ ግራፊን ስለሚባለው የካርቦን ንጣፍ፣ ከእርሻ ተረፈ ምርት ስለሚሠራ የባትሪ ካርቦን፣ አፈር ስለሚያለማና ውሃ ስለሚያጣራ ከሰል። ስጨርስ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ፣

"ማዘር፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" አለኝ።

"ግማሹን ከመጽሐፍ።"

"ግማሹንስ?"

"ከነፋስ ስልክ።"

ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም። "እንግዲያው የነፋስ ስልኩን ግማሽ ይጻፉት" አሉኝ። የታዘዝኩትን የምሠራ ተማሪ ነኝና ጻፍኩት።

ላቦራቶሪያችን ነፋስ ስልክ ከአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ጀርባ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ስቀጠር መጀመሪያ የተመደብኩት ወፍጮ ክፍል ነው። የሚመጣውን ሁሉ እየፈጨሁና በወንፊት እየለየሁ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየሁ። ከዚያ ሚዛን ክፍል አዛወሩኝ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበሩ፤ ከከሰሉ ይልቅ ፊርማው በትክክለኛው ቦታ መኖሩን ያዩ ነበር። አልቀየማቸውም፤ ጽሑፌ ንጹሕ የሆነው በእሳቸው ነው። ስለ ደሞዙ፣ ቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ አሳድጓል እላለሁና አልፈዋለሁ።

እውነተኛው ሥራዬ የጀመረው ዶክተር ደበላ ወደ ምድጃው ክፍል ሲወስዱኝ ነው። ዶክተር ደበላ የውሃ ማጣሪያ ምርምሩ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የተጠቀሙበትን ብርጭቆ ለሌላ ሰው ሳይተዉ ራሳቸው የሚያጥቡ ሰው ነበሩ። ሲስቁ ሁልጊዜ በእጃቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳይ ጥርሳቸው ቡናማ ነው፤ ጠርዙም ተሸራርፏል። የተወለዱት በስምጥ ሸለቆ፣ ከሐይቅ ማዶ ያለች መንደር ነው። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። ውሃው ጠርቶ ይታያል፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ነገር ግን የሕፃናት ቋሚ ጥርስ ገና ከድድ ሥር እየተሠራ ሳለ ያበላሸዋል። ጥርሱ ሲበቅል ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ በምንም አይታጠብም። ዶክተር ደበላ በትምህርታቸው የትም መሥራት ይችሉ ነበር። ነፋስ ስልክ ያስቀመጣቸው ይህ ውሃ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ማክሰል ማለት አየር እየነፈጉ ማቃጠል ነው። ጥሬው ዕቃ በብረት ሣጥን ይገባል፤ የሣጥኑ ክዳን ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው ከተሰነጠቀ አየር ይገባና የምታገኚው አመድ ነው። እሳቱ ካነሰ ከሰሉ ውሃው ላይ ሽታ ያመጣል፤ ከበዛ ደግሞ ከሰሉ ይሞታል፤ መልኩ ያምራል እንጂ ምንም አይዝም። ዶክተር ደበላ ሣጥኑ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው አያውቁም። አንድ ቀን ቸኩዬ መዶሻ ሳነሳ "ዘውዴ፣ ተይው፤ እሱ ሲጨርስ ይጠራናል" አሉኝ። ሲከፈት አንዲት ፍሬ አንስተው ብረት ሳህን ላይ ይጥላሉ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። በደንብ የከሰለ ፍሬ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ያልበሰለው ደፍ ይላል። ይህን ድምፅ ለመለየት ወራት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከሳቸው ቀድሜ "ይቀረዋል" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና የምድጃውን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አዲስ ማጣሪያ በተሠራ ቁጥር የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚጠጡት እሳቸው ናቸው። ቆመው፣ ሳይቸኩሉ ይጠጣሉ፤ ከዚያ "እንየው" ይላሉ። "ጥሩ ነው" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ፍሎራይድን ይዞ የሚያስቀረው የከሰለ አጥንት ነበር። የአጥንት ከሰል ካርቦኑ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ማዕድን ነው፤ ፍሎራይዱንም የሚይዘው ማዕድኑ ነው። በዓለም ላይ የታወቀ ዘዴ ነው። ርካሽ ነው፤ አጥንት ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። በላፍቶ አካባቢ ካሉ ሥጋ ቤቶች በጆንያ እናመጣለን፣ እንቀቅላለን፣ እናደርቃለን፣ እናከስላለን፣ እንፈጫለን።

አንድ ጊዜ በሁዳዴ ጾም አጥንት ስናከስል ጭሱ ወደ ሰፈሩ ወረደ። ነጠላ የለበሱ ጎረቤት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ኃላፊውን አስጠሩ። ዶክተር ደበላና እኔ ወጣን።

"በሁዳዴ ሥጋ የሚጠብሰው ማነው?" አሉ። "ልጆቼን እኮ አስጎመጃችኋቸው።"

"እማማ፣ ሥጋ አይደለም፤ አጥንት ነው" አሉ ዶክተር ደበላ።

"አጥንቱን ብቻ? ሥጋውን ማን በላው?"

ዶክተር ደበላ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ሴትየዋም እየተቆጡ ሳቁ። በሳምንቱ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫውን አስረዘምነው፤ ሽታው ከጣራ በላይ ሄደ፤ ጎረቤታችንም አመሰገኑን። ችግሩ የተፈታ መሰለን። እኩለ ቀን ሲሆን ምሳ ዕቃችንን ከፍተን፣ አጥንቱ በሚነድበት ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን፣ የጾም ሽሯችንን በላን። ሁላችንም የምንጾም ሰዎች ነበርን። አጥንቱ ግን ለእኛ አጥንት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ከታች ቧንቧ አለው። ላይኛው ባልዲ የአጥንት ከሰሉን ይይዛል። ከከሰሉ በላይ የሚዘረጋውን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነጭ አቡጀዲ ቆርጬ ጠርዙን በሰማያዊ ክር ዘመዘምኩት። ጨርቁ ከጀሪካኑ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፤ በሳምንት ውስጥ ቡናማ ስለሚሆን መታጠብ አለበት።

ማጣሪያዎቹን ይዘን ወደ ዶክተር ደበላ መንደር የሄድን ቀን እንደ ሠርግ ነበር። ያረፍነው ታላቅ እህታቸው ዘንድ ነው። አገሬው አዴ ብርቄ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲያው እላቸዋለሁ። በጭናቸው ላይ ሲፈን የምትባል ገና ጡት የጣለች የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። ዶክተር ደበላ ልጅቷን አቀፏትና ትንሿን ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ገልጠው አሳዩኝ።

"እነዚህ የወተት ጥርሶች ናቸው" አሉኝ። "ቋሚዎቹ አሁን ከሥር እየተሠሩ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት አለን፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ቢጣራም ለሷ አይጠቅማትም።"

አዴ ብርቄ ወንድማቸው የሠሩትን ባልዲ ዞር እያሉ አዩት። "ከምንድነው ያደረግኸው?" ብለው ጠየቁ።

"ከአጥንት።"

"ከአጥንት" ብለው ደገሙት። ከዚያ መረቁን፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ መረቀን። ጎረቤታቸው አዴ ፋጡማም ለቤታቸው አንድ ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የውሃ ናሙና በየጊዜው ይላክልን ጀመር፤ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ጠርሙስ ውሃና አንድ ማንኪያ የከሰል ፍሬ። የምለካው እኔ ነበርኩ። ውሃው ንጹሕ ነው። በሚቀጥለውም ጊዜ ንጹሕ ነው። አጥንቱ ይደክማል ብለን ባሰላንበት ወቅት እንኳ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ላቦራቶሪው ተደነቀ። አንዱ የከብቶቹ መኖ ነው አለ፤ ሌላው የምድጃችን አሠራር ነው አለ። ዶክተር ደበላ የአጥንቱን ብርታት የሚገልጽ ጽሑፍ ጀመሩ። አጥንታችን የማይደክመው ለምንድነው የሚለው ጥያቄ የሻይ ሰዓት ወሬያችን ሆነ። ሁላችንም መልስ ነበረን።

በሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ ላይ ምክንያቱን በዓይናችን ልናይ ወረድን። አዴ ብርቄ ማጣሪያውን የቤታቸው ጥሩ ማዕዘን ውስጥ፣ በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውታል። አጠገቡ እንግዳ ሲመጣ የሚወጡት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ዳንቴሉን አነሳሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ። አቡጀዲው እንደሰፋሁት ነጭ ነው። ሰማያዊው ክር እንኳ አልደበዘዘም።

"አዴ ብርቄ፣ ጨርቁን መቼ አጠቡት?" አልኳቸው።

"አልታጠበም።"

"ታዲያ እንዴት ነጣ?"

ወደ ወንድማቸው ሳይሆን ወደ በሩ ተመለከቱ። በሩ ሥር ቢጫው ጀሪካን ተቀምጧል፤ በአፉ ላይ የተገለበጠ የፕላስቲክ ኩባያ አለው። ሲፈን ኩባያውን አነሳች፣ ከጀሪካኑ ቀዳች፣ ጠጣች።

ዶክተር ደበላ እንደቆሙ ቀሩ። "ብርቄ፣ አትጠጡትም?" አሉ።

"ደበላ፣ ሁዳዴ ነው እኮ። ሥጋና ወተት ትቼ በአጥንት የተጣራ ውሃ ልጠጣ?"

"እሳት የገባ ነው። ምንም ሥጋ፣ ምንም ስብ አልቀረበትም፤ እንደ ድንጋይ ነው።"

"አንተ እሳቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ታያለህ። እኛ የምናየው አጥንት ነው።"

"በፍስክስ?"

"ከረቡዕና ዓርብ፣ ከፍልሰታ፣ ከነቢያት የተረፈውን ቀን እየቆጠርኩ ባልዲ ልቀይር? አንዴ ተውኩት፣ ቀረ።"

አዴ ፋጡማ ደርሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ እኔ ዞሩና በቀስታ፣ "አጥንቱ ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው?" አሉኝ።

"ከሰፈራችን።"

"የክርስቲያን?"

"አዎ።"

"እንዲያ ከሆነ የኛም ቤት ያው ነው" አሉ። ከዚያ አዴ ብርቄን እያዩ፣ "በዚህስ ተስማምተናል" አሉ። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን አፈሩ።

"ናሙናውስ?" አልኩ። "ሲላክልን የነበረው ውሃስ?"

"ናሙና የሚሰበስበው ልጅ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ በባልዲው አሳልፈን እንሞላለታለን" አሉ አዴ ብርቄ። "ደበላ የለፋበት ነው። አልጠጣነውም ብንለው ልቡ ይሰበራል ብለን ነው።"

አጥንታችን ያልደከመው ስላልሠራ ነው። ዓመት ሙሉ ሲላክልን የነበረው ይሉኝታ ነበር፤ እኛም እየለካን ስንደሰት ከረምን።

ስንመለስ፣ ከተማ ልንገባ ስንል፣ ዶክተር ደበላ "ዘውዴ" አሉኝ፤ "ጎረቤታችን እኮ ነግረውን ነበር። እኛ ጭስ ማውጫውን አስረዘምንባቸው።"

በማግሥቱ በስብሰባ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባ ቀላል መፍትሔ አቀረበ። ካህኑንና ሼኩን አነጋግረን፣ ይህ ምግብ አይደለም፣ ይፈቀዳል ብለው እንዲያስተምሩልን እናድርግ አለ። በሌላ ቦታ እንዲህ ተደርጎ ሰው ተቀብሎታል ይባላልና ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ዶክተር ደበላ ግን እንቢ አሉ።

"ብርቄ ብትታዘዝ ትጠጣዋለች" አሉ። "ግን በእያንዳንዱ ብርጭቆ ልቧ ይጎረብጣታል። በቤቷ ውሃ ሰው እንዲጨነቅ አላደርግም። ሌላ ከሰል እንፈልጋለን።"

ጽሑፋቸውን አጠፉት። ማጣሪያዎቹን ሰበሰብን። እንደገና ከወፍጮ ክፍል ጀመርን።

ሌላ ከሰል ማለት የዕፅዋት ከሰል ማለት ነው፤ የዕፅዋት ከሰል ደግሞ ብቻውን ፍሎራይድ አይዝም። ቀለም ይይዛል፣ ሽታ ይይዛል፣ ፍሎራይድን ግን ያሳልፈዋል። የቡና ገለባ ሞከርን፣ ቀርከሃ ሞከርን። በመጨረሻ የመንደሩ ማሳ ሞልቶ የሚጥለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ያዝን። ቆረቆንዳው ሲከስል ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሳህን ላይ ሲጣል እንደ ብርጭቆ የሚጮህ ከሰል ይሆናል። በላዩ ላይ የአልሙኒየም ጨው ስናለብሰው ፍሎራይዱን ያዘ። ግን ልብሱ አልረጋ አለ፤ አልሙኒየሙ እየለቀቀ ውሃው ውስጥ ይገባል። አንዱን ነገር አውጥተን ሌላ እያስገባን ነበር። ዶክተር ደበላ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንስተው፣ የለካሁትን ቁጥር አይተው፣ ሳይጠጡ የደፉባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ይህ ዓመታት ፈጀ። ሲፈን በዚያ መካከል አደገች። አንድ ጊዜ አዴ ብርቄ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመጡ ይዘዋት ወደ ላቦራቶሪው ገቡ። የፊት ጥርሶቿ ወጥተዋል፤ ቡናማ ናቸው። ዶክተር ደበላ የሆነ ቀልድ ነገሯት። ልጅቷ ሳቀች፤ ስትስቅ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ማንም አላስተማራትም። ዶክተር ደበላ ብርጭቆ ሊያጥቡ ወደ ገንዳው ሄዱ፤ ንጹሑን ብርጭቆ ደጋግመው ሲያጥቡ አየኋቸው።

ለሲፈን አልደረስንም። የሥራ ዘመኔ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ለስላሳ አድርጌ የምጽፈው ቃል የለኝም። እሷ ስትሄድ ግን አዴ ብርቄ ልጃቸው ሁለተኛ እንዳረገዘች ነገሩን።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተር ደበላ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው ዶክተር ሄለን መጣች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ በውጭ አገር ስለ ባትሪ ካርቦን ያጠናች። ዘመኑም ተለውጦ ነበር። ወደ ምድጃዬ የሚመጡት ጆንያዎች ያው ቡና ገለባና ገረባ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ምን ይይዛል ከሚለው ወደ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ያስቀምጣል ወደሚለው ተለወጠ። ለቆረቆንዳው የነበረው በጀት አለቀ። የእኛ ሥራ በዚህ የሚዘጋ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ሄለን ምድጃ ክፍል መጥታ፣ "እትዬ ዘውዴ፣ ምድጃውን ለባትሪው እፈልገዋለሁ" አለችኝ።

"እሺ" አልኳት። "ሰኞን ብቻ ተዪልኝ።"

"ሰኞ ምን አለ?"

"ቆረቆንዳ።"

"ገና አልተዋችሁትም?" አለች። ከዚያ ጆንያው ውስጥ እጇን ሰዳ አንድ የከሰለ ፍሬ አወጣች። "ቀዳዳውን አይታችሁታል?"

አላየነውም። የእሷ መሣሪያ ግን የከሰልን ቀዳዳዎች ስፋት ይለካ ነበር፤ ለባትሪ ካርቦን ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ሰኞ ዕለት ቆረቆንዳችንን ለካችው፤ ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች አፋቸው በአመድ ተደፍኗል። የአልሙኒየሙ ጨው ወደ ቀዳዳዎቹ አልገባም፤ ከላይ ተለጥፎ ስለነበር ነው የሚለቅቀው። ከሰሉን መጀመሪያ በቀላል አሲድ አጥበን አመዱን አወጣን። ጨውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቀስታ፣ ደጋግመን አጠጣነው። ረጋ። አልሙኒየሙ መልቀቁን አቆመ። ፋሽን ነው ብዬ የተጠራጠርኩት የባትሪ ምርምር የዶክተር ደበላን ሥራ ከመዘጋት አዳነው። ለሄለን ያለኝ ምስጋና ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ዶክተር ደበላን ከብስራተ ገብርኤል ቤታቸው ጠራናቸው። ሳህኑ ላይ አንድ ፍሬ ጣሉ፣ አዳመጡ፣ ቁጥሩን አዩ፣ ብርጭቆውን ጠጡ። "እንየው" አሉ። ከዚያ "ቆይ፤ መጀመሪያ ብርቄንና ፋጡማን አምጡልኝ" አሉ።

ሁለቱ ሴቶች የገዛ ማሳቸውን ቆረቆንዳ በጆንያ ይዘው ነፋስ ስልክ መጡ። ሁሉን አሳየኋቸው፤ ጭቃውን፣ ወንፊቱን፣ ጨውን። አዴ ፋጡማ ቆረቆንዳው ወደ ሣጥኑ ሲገባ፣ "ከተማ ገባህ እንግዲህ" አሉት። አዴ ብርቄ ግን ሣጥኑን ትኩር ብለው እያዩ ነበር።

"ይሄ ሣጥን አጥንቱ የከሰለበት ነው?" አሉ።

ሄለን አየችኝ፤ እኔ ዶክተር ደበላን አየሁ። ያ ሣጥን ስንት ጊዜ በእሳት ነጽቷል ብሎ ማስረዳት ይቻል ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ማስረዳት የሚችል ሰው አልጠፋም።

"ነው" አሉ ዶክተር ደበላ። "አዲስ ሣጥን እናሠራለን።"

"ወፍጮውስ?"

"ወፍጮውም ይለያል።"

"እንዲህ ከሆነ እሺ" አሉ አዴ ብርቄ፤ አዴ ፋጡማም ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲሱ ሣጥን እስኪሠራ ጊዜ ሄደ። ማንም አላጉረመረመም። የጆንያውን ቆረቆንዳ ያከሰልኩት በአዲሱ ሣጥን ነው፤ አዲስ አቡጀዲም ቆርጬ በሰማያዊ ክር ዘመዘምኩ። ማጣሪያዎቹ ሲወርዱ እኔ አልሄድኩም፤ ጉልበቴ መንገድ እንቢ ብሎኝ ነበር። አዴ ብርቄን በስልክ፣ "ጨርቁ ሲያረጅ ላኩልኝና ሌላ እሰፋለሁ" አልኳቸው። ስለ ውሃው አልጠየቅኳቸውም። ከጠየቅኳቸው ጥሩ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ወራት አለፉ። የሥራ ዘመኔ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ጠዋት ፉሪ ካለው ቤቴ በታክሲ መጣሁ፣ የምድጃ ክፍሉን ቁልፍ ለሄለን አስረከብኩ፣ ኬክ ተቆረሰ። ከሰዓት በፊት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ደወለ፤ ከመንደሩ ዕቃ ተልኮልኛል። ዕቃው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነው። ሳልፈታው አዴ ብርቄ ደወሉ።

"ዘውዴ፣ ደረሰሽ?"

"ደርሶኛል።"

"ሳትከፍቺው ስሚኝማ። አፍሬያለሁ። ብዙ አጠብኩት፣ በሳሙና፣ በኦሞ፤ አልነጣ አለኝ። ባለጌ እንዳትዪኝ።"

"ምን ሆነ?"

"ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ቧንቧው ሥር ነው። የሲፈን ወንድም። ጀሪካኑን ረስቶታል። ደግሞ የሰኔ ጾም ነው፤ እኛም የምንጠጣው ከሱ ነው፤ ፋጡማም ልጆቿን ትልካለች። ታዲያ ጨርቁ ምን ያድርግ? አሁንስ ሊቀደድ ነው። ሌላ ስፊልን።"

ፌስታሉን ፈታሁ። ጨርቁ የሐይቅ ደለል የመሰለ ቡናማ ሆኗል፤ መሐሉ ሳስቷል፤ ሰማያዊው ክር በአንድ ጎኑ ብቻ ቀርቷል። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ጓደኞቼን ተሰናብቼ ወደ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ።

ዶክተር ደበላ ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ጨርቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዘረጉት። በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት፤ ቡናማው ላይ፣ የሳሳው መሐል ላይ፣ የቀረው ሰማያዊ ክር ላይ ቆዩ። እህታቸው በስልክ ያሉትን ነገርኳቸው፤ በኦሞ አጥበውት እንቢ እንዳላቸው፣ እንዳፈሩም።

ዶክተር ደበላ ሳቁ። ረጅም ሳቅ ነበር። ሁለቱም እጆቻቸው ጨርቁን ይዘው ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.።